አካሉ ናፍጣና የእትዬ ለተጊዮርጊስ ብርብራ

የካ ሚካኤል አካባቢ «አካሉ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?» ብትሉ «የትኛው አካሉ?» ይሏችኋል። «አካሉ ናፍጣ» ካላችሁ ግን ባለሱቁም፣ ታክሲ ጠባቂውም፣ ከቅዳሴ የሚመለሰውም እጁን ዘርግቶ ቤቱን ያሳያችኋል፤ አንዳንዱማ ሳትጠይቁት ታሪኩን ይመርቅላችኋል።

ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ናፍጣ ሲያሸት ነው። ቀበና ነው የተወለደው፤ አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበሩ፣ ጎረቤት እንደሚለው ከሆነ መጀመሪያ ያወቀው ሽታ የእናቱ ጡት ሳይሆን የአባቱ ቱታ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማረና መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የነዳጅ ጥራት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠረ፤ ጸጉሩም እዚያው ሸበተ። ሥራው ከየማደያው የመጣ ናፍጣ ውስጥ ባዕድ ነገር መፈለግ ነው። ውሃ የገባበትን ናፍጣ ብልቃጡን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ በዓይኑ ብቻ ይለየዋል ይባልለታል። ሚስቱ እየሩስ ይህን ሙያውን አትወድለትም፤ ወጥ በቀጠነ ቁጥር ሳህኑን ወደ አምፖሉ ያነሳባታል።

የሰፈሩ እድር ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ቁራሽ መሬት ነበረው። መሬቱ ላይ የብርብራ ዛፎች ቆመው ነበር። የተከሏቸው እትዬ ለተጊዮርጊስና ነፍሳቸውን ይማረውና ባለቤታቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። እድሩ ሲመሠረት ባልየው «ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ጥላ ያስፈልገናል» ብለው ችግኝ አመጡ፣ እትዬ ውሃ ከታች እየተሸከሙ አጠጡ። አንዷን ችግኝ ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጥግ ተከሏት። ባልየው ካረፉ ወዲህ እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ በእድሩ መሬት በኩል ሳያልፉ ቤታቸው አይገቡም። ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ያየ ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን ሰላምታውን አያስቀሩም።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደገብርኤል ደግሞ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገላገሉ፣ ግን ከስብሰባ ያልተገላገሉ ሰው ናቸው። አዳራሽ የሌለው እድር እድር አይደለም ብለው ያምናሉ። ዛፉ ይቆረጥና አዳራሽ ይሠራበት የሚለውን ሐሳብ በየወሩ ያነሳሉ፤ እትዬ በየወሩ ያለቅሳሉ፤ ሐሳቡ በየወሩ ለቀጣዩ ወር ይተላለፋል። አንድ እሁድ ግን የሰዉ ፊት ወደ አዳራሹ አደላ። አቶ ወልደገብርኤል ይህን አይተው፣ «ዛፉ ጥላ ከመስጠት ሌላ ምን ያደርግልናል? ቆርቆሮም እኮ ጥላ አለው» ሲሉ ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አካሉ ብድግ ያለው ያን ጊዜ ነው። የብርብራ ፍሬ ዘይት አለው አለ። ዘይቱ በወጉ ከተሠራ ናፍጣ ይሆናል፣ የተማሩ ሰዎች መርምረው ጽፈውበታል አለ። ከዚያ ሰውን የሚነካበትን ቦታ ነካ፤ የእድሩን ጄኔሬተር አነሳ። መብራት በጠፋ ቀን ሰው የሞተ እንደሆነ አስከሬኑ እቤቱ ተጋድሞ ወንዶቹ ጀሪካን ይዘው ከማደያ ማደያ ይንከራተታሉ። ሟች ተቀብሮ ሳልስቱ እስኪደርስ ወረፋው አይደርሳቸውም። «ናፍጣው እኮ እራሳችን ላይ እየረገፈ ነው» አለ አካሉ ወደ ዳገቱ እያሳየ።

ሰው አጉረመረመ፣ ሳቀ፣ ወደደውም። አቶ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠራርገው ፍርዱን ሰጡ፦ «መልካም። ፍሬው ይለቀም። ጄኔሬተሩን እዚሁ፣ እኛው ፊት በብርብራ ካስነሳህልን ዛፉ ይቆማል። ካላስነሳህ ግን መጋዙ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ልቅሶ አልሰማም።» ጉባኤው አጨበጨበ።

ሲወጡ እትዬ የአካሉን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አካልዬ» አሉት፣ «የሰውየዬን ዛፍ አደራ።»

የብርብራ ፍሬ እንደ ባቄላ እሸት ባለ ጠፍጣፋ ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ነው የሚያድረው። ፀሐይ ሲበረታበት ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሴቶች ከዛፉ ሥር ጎንበስ ቀና ሲሉ ዋሉ፤ ከፍሬው ጋር ብዙ ወሬም ተለቀመ። የእድሩ ዕቃ ቤት አይጥ ስላለው ዘሩ የተሞላባቸው ማዳበሪያዎች እትዬ ቤት ይቀመጡ ተባለ። አካሉ ለሁሉም ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ዘሩ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። እትዬም ከመኝታቸው አጠገብ፣ ከቤቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነው ግድግዳ ሥር አስቀመጡለት።

እንግዲህ የእትዬን ቤት የሚያውቅ ያውቃል። የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። በልቶ «በቃኝ» ያለ ሰው በሞቴ ይባላል፣ በሞቴውን ከጎረሰ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ ያንንም ከዋጠ የሟች ባላቸው ስም ይጠራበታል። ስማቸው ተጠርቶ እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ለሰላምታ የገባ ሰው ሆዱን ይዞ የሚወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አካሉ ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ሥራ የበዛበት ሰው ሆነ። ሥራው ምን መሰላችሁ፣ ስለ ብርብራ ማውራት ነው። በየሱቁ ደጃፍ ቆሞ ያስረዳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛውን ጎረቤቱን «ቸኮልክ» እያለ ያበሽቀዋል። ስለዚህ ዘሩን የሚጠይቀው ከእትዬ የውጭ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እትዬ፣ ዘሩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ግባ እንጂ።»

«ዝናብ አላገኘውም?»

«እኔ እያለሁ? ግባ አካልዬ፣ ሽሮዋ ወርዳለች።»

«ዛሬ እቸኩላለሁ እትዬ፣ ሌላ ቀን።»

«በሞቴ» ይሉ ነበር እትዬ፤ ነገር ግን በሞቴዋ የምትደርሰው ጀርባው ላይ ነው። እሷን ላለመስማት እግሩን ያፈጥናል። በጋው እንዲህ እየተባለ አለቀ።

የስብሰባው እሁድ ሲቃረብ ማዳበሪያዎቹን አስጭኖ ወሰደና ላቦራቶሪው ግቢ ውስጥ በእጅ መጭመቂያ አስጨመቃቸው። ዘይቱ ወጣ። ግን ደፍርሶ ወጣ፤ ሽታውም ኮምጠጥ ያለ ነበር። ከእሱ ጋር የምትሠራው ሔራን የምትባል ወጣት ኬሚስት አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችና ፊቷን አኮማተረች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አሲዱን ቼክ እናድርገው። ሃይ ከሆነ ናፍጣ አይወጣውም፣ ሳሙና ነው የሚሆንብዎት። ሪስክ ነው።»

«ነገ እኮ ነው ስብሰባው።»

«አንድ ሳምንት ይግፉት ታዲያ።»

«ሔራንዬ፣ እኔ ናፍጣ ማሽተት ስጀምር አንቺ ገና ጡት ትጠቢ ነበር» አላት። ልጅቷ ስቃ ትታው ሄደች። ምርመራው ከምሳ በፊት የሚያልቅ ነበር። አካሉ ግን በልቡ ሌላ ነገር ነበረው፤ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑ እያየ ዘይቱ ናፍጣ ሲሆን፣ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ አቶ ወልደገብርኤል ሲያጨበጭቡ አስቀድሞ በሕልሙ ጨርሶታል። እንዲህ ያለ ሕልም ያየ ሰው መንቃት አይፈልግም።

እሁድ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መጣ። በእድሩ ድንኳን መሐል ጠረጴዛ ተዘርግቶለታል፤ ጄኔሬተሩም እንደ ሙሽራ ተወልውሎ ከጎኑ ቆሟል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል። አካሉ ዘይቱን አሞቀ፣ ዘይቱን ናፍጣ የሚያደርገውን ኬሚካል ለካ፣ ትልቁ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረና አማሰለ። «ከላይ የሚንሳፈፈው ናፍጣ ነው፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። አሁን ዝም ብላችሁ እዩ» አለ።

ሰው ዝም ብሎ አየ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ነጣ፤ ቀጥሎ ወፈረ፤ ቀጥሎ እንደ እርጎ ረጋ። አካሉ ጠርሙሱን ዘንበል አደረገው። አልፈሰሰም። ጭራሽ ደፋው። አሁንም አልወረደም። ከኋላ አንዱ «ማማሰያ አቀብሉት» አለና ሳቅ ተጀመረ። አንዲት ሴት በእንጨት ጫፍ ቆንጥራ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አማሰለችው፤ ጣሳው በአረፋ ሞላ።

«ሳሙና ነው እኮ» አለች ለጎረቤቷ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ድንኳኑ በሙሉ ሰማ።

ከዚያ በኋላ የተባለው አይነገርም። ይኼ ሰው ሳሙና ሊሠራ ቢነሳ ቤንዚን ይወጣው ነበር የሚለው ቀላሉ ነው። ያልሳቁት አቶ ወልደገብርኤል ብቻ ናቸው፤ የእሳቸው አለመሳቅ ደግሞ ከሳቁ ይብሳል። ሰው እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ «አካሉ፣ በስሜት እንዳንፈርድ ንገረን። ጥፋቱ የአንተ ነው ወይስ የዛፉ?» አሉት።

አካሉ ወደ እትዬ አየ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እሱን እሱን ያያሉ። «ሳልመረምር ነው ያመጣሁት፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ማለት ይችል ነበር። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ስላልሆኑ ይሰጡትም ነበር። ቃሉ ምላሱ ድረስ መጥቶም ነበር። ግን ከኋላ ሳቁ እንደገና ቱፍ አለ፤ ያን ሁሉ ዓመት ናፍጣ ሲያሸት ኖሮ በዘይት ተሸነፈ መባሉን ሊሸከመው አልቻለም።

«የዛፉ ነው» አለ።

ዛፎቹ ለመውደቅ ብዙ አላስቸገሩም። ፈቃዱ ወጣ፣ መጋዝ መጣ፣ ዳገቱ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ቅርንጫፉን የፈለገ ወሰደ። እትዬ በዚያ ቀን በራቸውን አልከፈቱም። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ ሲመለሱ በታችኛው መንገድ ነው የሚሄዱት። አካሉም በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ለጥቂት ጊዜ «አካሉ ሳሙና» ተብሎ ነበር፤ ስሙ አልያዘለትም፣ ሰውም ሰለቸውና ወደ ናፍጣው ተመለሰ። የማይመለሰው ሌላው ነው።

እትዬ ቤት ከመሄድ የቀረው አፍሮ ነው። በመጨረሻ እየሩስ አላስቀምጥ አለችው። ሴትየዋ አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው እንዳልወጣ፣ እንዲያውም ባገኟት ቁጥር «ልጄ እንዴት ነው፣ አዘነ ወይ?» እያሉ እንደሚጠይቋት ነገረችው። «ሂድና ብላላቸው» አለችው። «ሌላ ምንም አይፈልጉም። ቁጭ ብለህ ብላላቸው።»

ሄደ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ያን ደጃፍ አልፎ ገባ። እትዬ እንደ ጠፋ በግ ተቀበሉት፤ ለወቀሳ የሚሆን ጊዜ እንኳ አላገኙም፣ ወደ ማዕዳቸው ሮጡ። እየጎረሰ ቤቱን ቃኘ። ከአልጋው ራስጌ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ሳይጫን የቀረ አንድ ማዳበሪያ የብርብራ ዘር ተቀምጧል፤ ከማዳበሪያው ጎን ቢጫ ጀሪካን። እሱ እየበላ እትዬ ከጀሪካኑ በኩባያ ቀዱ፣ የማዳበሪያውን አፍ ፈቱ፣ ሦስት ጊዜ እያማተቡ ረጩበትና መልሰው አጥብቀው አሰሩት። የዕለት ሥራ እንደሚሠራ ሰው ነው ያደረጉት።

አካሉ እጁን ከማዕዱ መለሰ። «እትዬ፣ ምንድን ነው የሚረጩት?»

«ጠበል ነዋ።» ተመልሰው አጠገቡ ተቀመጡ። «አልነገርኩህም እንዴ? ልጅ ሆኜ አገራችን ወንዝ ውስጥ ይህን ፍሬ ፈጭተው ሲጨምሩት ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። መርዝ አለው። አንተ ደግሞ በእጅህ ልትነካው፣ በአፍንጫህ ልታሸተው ነው። ክፉው እንዳያገኝህ ብዬ ጠዋት ጠዋት ከሚካኤል ስመለስ እረጭልሃለሁ። በረከቱ እንዳይወጣም አፉን ጥብቅ ነው የማደርገው። ይህችን የተረፈችውን እንኳ ልጥላት አልጨከንኩም።»

አካሉ እጁን ጠራርጎ ወደ ማዳበሪያው ሄደ። ፈታና እጁን ወደ ውስጥ ከተተ። ዘሩ ሊበቅል እንደተደፈነ ብቅል ሞቋል፤ ሻግቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። በጋውን ሙሉ በየጠዋቱ እየራሰ፣ በየጠዋቱ እየታፈነ የከረመ ዘር ዘይቱ አሲድ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል? የሰው ናፍጣ ውስጥ ጠብታ ውሃ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው፣ አንድ ቀን ገብቶ አንድ ጉርሻ ቢጎርስ ኖሮ ይህን ኩባያ ያየው ነበር። ጠበሉ ምን አደረገ? እሳቸውስ ምን አደረጉ? ጥፋቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ የከረመው የእሱ የራሱ ነው።

እትዬ ጀርባውን ሲያዩት ቆይተው ድምፃቸው ተለወጠ። «ምነው አካልዬ? ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ እንዴ?»

ዞር አለ። ፊታቸው ላይ ያየውን ፍርሃት ሊያየው አልፈለገም።

«ኧረ የለም እትዬ። እርስዎ ምን አደረጉ? ዛፉ ነው። ዛፉ ነው የማይረባው።»

ሁለተኛ ጊዜው ነው። የመጀመሪያውን ለራሱ ብሎ ነበር፣ ይህንን ለእሳቸው ብሎ ነው፤ ስለዚህ ይሻላል ብሎ ራሱን አጽናና። እትዬ ግን አልተጽናኑም። በመስኮቱ ወደ ጓሮ አዩ፤ የቀረችው አንዲት ብርብራ ሐምራዊ አበባዋን ቆርቆሮው ላይ ታራግፋለች። «እንዲያ ነው?» አሉ። «ሰውየዬ እኮ በዚህ ዛፍ ይኮራ ነበር።»

ሲወጣ ከዚያች ዛፍ ሥር ፀሐይ ያፈነዳውን ደረቅ ዘር በመሐረቡ ለቅሞ ወሰደ። ላቦራቶሪ ሄዶ ከሔራን ጋር ጨመቁት። በዚህኛው ጊዜ አሲዱን ራሱ ለካ፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ለካ። ዘይቱ እንደ ማር የጠራ ነበር። ኬሚካሉ ሲገባ ቀስ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ዝቃጩ ወረደ፣ ናፍጣው ተንሳፈፈ፣ ልክ ለሰፈሩ እንደተናገረው። ላቦራቶሪው ግቢ ያለችው ትንሽ ጄኔሬተር ውስጥ ጨመሩት። ትንሽ አስነጠሳትና ተነሳች።

ሔራን እጇን አጨበጨበች። «ሠራ እኮ ጋሼ። ምነው ደስ አላለዎትም?»

አካሉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጄኔሬተሯን ያያል። ለእሱ የታዩት ግን የዳገቱ ላይ ጉቶዎች ነበሩ።

እየሩስ ነገሩን ስትሰማ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ሄዶ ለእትዬ ይንገራቸው፤ የጠበሉን ነገር ትቶ የራሱን ይንገራቸው፤ ሳልመረምር ቸኮልኩ፣ ዛፉ ጥሩ ነበር ይበላቸው። እድሩም ፊት ይቁምና ይህንኑ ይድገም። ከእትዬ ጓሮ ዛፍ ዘር ተወስዶ የአዳራሹ ጀርባ ያለው ተዳፋት ላይ እንደገና ይተከላል። አካሉ ነገሩን ተቀበለ። ናፍጣውን ማስረጃ እንዲሆነው በትንሽ ጠርሙስ ቀዳ። ሰኞ እሄዳለሁ አለ፤ ሰኞ ሥራ በዛ። ከዚያ ጾም ገባ፤ በጾም መሐል ሴትየዋን ማስለቀስ ነውር መሰለው። ከዚያ ዝናብ መጣ። እውነትን ለመናገር የሚሆን የአየር ሁኔታ ፍለጋ ክረምቱ ተጋመሰ።

አንድ ቅዳሜ ጠርሙሱን ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ከትቶ ወጣ። ከሩቅ ሲያይ የእትዬ ጣሪያ አዲስ መሰለው፤ እንዲያ ሲያበራ አይቶት አያውቅም። ቀረብ ሲል ገባው። ጥላ የለበትም። ጓሮው ውስጥ ብርብራዋ ተጋድማለች፤ ግማሹ ተፈልጦ ተደርድሯል፣ ቅጠሉ ጭቃው ላይ ተረግጧል።

እትዬ ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ፊታቸው ፈክቶ ወጡ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ትናንት ፈላጭ ለምኜ አስቆረጥኳት። ያሳፈረህን ዛፍ ጓሮዬ ላቁመው? በመጣህ ቁጥር እያየኸው ልትሳቀቅ?» ወደ እሱ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሰውየዬም መቃብሩ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ‹አትቀየመኝ፣ ዛፍህ ልጄን በሰው ፊት አዋረደብኝ› አልኩት። አሁን ቀለለኝ።»

አካሉ አፉን ከፈተ። እትዬ ምን ሊል እንደሆነ ጠበቁት። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ቀለለኝ» ሲሉ ሰምቷቸው አያውቅም ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው።

«ደግ መጣህልኝ» አሉ እትዬ። «እንጨቱን ለሚካኤል ዝክር ተስያለሁ፤ የሚያደርስልኝ ትከሻ አጥቼ ነበር።»

ጎንበስ አለ፤ ፍልጡን አቅፎ ትከሻው ላይ አወጣው። እርጥብ ስለሆነ ከባድ ነበር። ጠርሙሱ ከጎኑ ሥር እየቆረቆረው ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ። እትዬ ከኋላው እየተከተሉ መረቁት፤ ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ እያሉ ነበር፤ እሱም ሸክሙ እንዳያዘነብል አንገቱን ሳያዞር በየመካከሉ «አሜን» ይል ነበር።